የነርስነት ትምህርት ቤት አመራረጥና የነጋዴው ኀላፊነት

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ዓይኑን አይጨፍንም። ከውጭ አገር የሚያስመጣው ናሙና ሳያይ፣ የዋጋ ማቅረቢያውን ሳይመረምር፣ ባንኩም ሰነዱን ሳያረጋግጥለት ገንዘቡን አሳልፎ አይሰጥም። ቡና ወይም ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልከውም እርጥበቱንና ጥራቱን ሳያስመረምር ጆንያውን አይሰፋም። ባለሱቁ እንኳ አንድ ኩንታል ምስር ሲረከብ እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ከታች ያለው ከላይ እንዳለው መሆኑን አይቶ ነው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ስለ ሆነ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም።

ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለልጁ ወይም ለወንድሙ ልጅ የሙያ ትምህርት በሚፈልግበት ጊዜ ግን ጥንቃቄውን ሱቁ ውስጥ ትቶ ይወጣል። በሕንጻው ግንብ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ያነባል፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ሲወጡና ሲገቡ ያያል፤ የመመዝገቢያውን ዋጋ ጠይቆ ይከፍላል። ለአንድ ካርቶን ዕቃ የሚያደርገውን ምርመራ ለልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት ዕድሜ አያደርግም። በዛሬው ጽሑፌ በተለይ ስለ ነርስነት ትምህርት ላነሣ የፈለግሁት፣ በዚህ ሙያ የሚደርሰው ጥፋት በከፋዩ ኪስ ላይ ብቻ የሚቀር ባለመሆኑ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስል አስቀድሜ የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ባለኝ ሕንጻ ላይ አንዱን ፎቅ የጤና ትምህርት እናስተምራለን ላሉ ሰዎች አከራየሁ። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈሉ። ውሉን ስንፈራረም የንግድ ፈቃዳቸውንና የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥራቸውን ጠየቅሁ፤ ሁለቱንም አሳዩኝ። የማስተማር ፈቃድ አላችሁን? ፈቃዱስ ለየትኛው ሙያ፣ ለየትኛው ደረጃ፣ ለየትኛው ቦታ የተሰጠ ነው? ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ይህ የተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳይ እንጂ የአከራይ ጉዳይ አይደለም ብዬ አስቤ ነበር።

በመጋዘኔ ውስጥ ለብዙ ዘመን በሚዛን ላይ የሠራ አንድ ሰው አለ። የመጀመሪያ ልጁን ነርስ ሊያደርጋት ይመኝ ነበርና እዚያው ፎቅ ላይ አስገባት፤ ከደመወዙም እየቀነሰ በየወሩ ሁለት ዓመት ያህል ከፈለ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ የነበረው ፈቃድ ለሌላ ሙያ ብቻ እንደ ነበር ታወቀ። ተቈጣጣሪዎች መጡ፤ በሩ ታሸገ፤ ባለቤቶቹም ስልካቸውን ዘጉ። ተማሪዎቹ ሌላ የሚያውቁት ሰው ስላልነበራቸው ወደ እኔ መጡ። ጋዋናቸውን በክንዳቸው ይዘው በደረጃው ላይ ቆመው፣ ደረሰኞቻቸውን እያሳዩ፣ «ምን እናድርግ?» ይሉኝ ነበር። ሚዛን ሠራተኛዬን ለብቻው ጠርቼ፣ «እንዴት ሳትጠይቅ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፈልህ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ በእርስዎ ፎቅ ላይ ያለ ስለ ሆነ የተጠየቀ መስሎኝ ነው» ሲል መለሰልኝ።

ለዚህ መልስ መልስ አልነበረኝም። እኔ ኪራዬን በሙሉ ተቀብያለሁ። እነዚያ ልጆች የከፈሉት ገንዘብ አንዳንዱ የላም፣ አንዳንዱ የእናት የእንጀራ ሽያጭ፣ አንዳንዱም ከዓረብ አገር እኅት የላከችው ነበር። የእኔ ሰው ልጅ አሁን በሌላ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ጀምራለች፤ ክፍያውን ማን እንደሚችል እዚህ መናገር አያስፈልግም። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን ማንም ሊከፍልላት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር ሰው የነርስ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዘነበወርቅ ያለው የአለርት ሆስፒታል ምስክር ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በሚሲዮናውያን ተቋቁሞ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ፣ በ1958 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በአጠገቡ የምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ተሐዋሲ ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሀንሰን ስም ይጠራል።

ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጐዳ ሕመምተኛው እግሩን እሾህ ቢወጋው ወይም ፍም ቢያቃጥለው አይሰማውም። ስለዚህ ቁስሉን የምታጥብና የምታሽግ፣ «ማታ ማታ እግርህን ገልብጠህ እይ፤ ጫማህንም አራግፈህ አድርግ» እያለች በትዕግሥት የምታስተምረው ነርስ ከመድኃኒቱ እኩል ታስፈልገዋለች። መድኃኒቱ ተሐዋሲውን ይገድላል፤ እግሩ ከመቈረጥ የሚድነው ግን በየቀኑ ጥንቃቄ ነው። ይህን ሥራ በእጇ ሠርታ የተማረች ነርስና ወረቀት ብቻ የያዘች ነርስ ልዩነታቸው የአንድ ሰው እግር ነው።

ከዘነበወርቅ ወደ መሀል ከተማ ሲመጣ ደግሞ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይገኛል። ይህ ሆስፒታል በመጀመሪያ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነበር። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና ሳለች በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 በሙያው የተመዘገበች ነርስ ሆናለች፤ ወደ አገርዋ ከተመለሰች በኋላ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በወለጋ አረፈች። በስሟ በተሠራው ሆስፒታልም የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው ዘመን፣ ማለትም በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በቀይ መስቀል ማኅበርና በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ተቋቁመው ነበር። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የኅብረተሰብ ነርሶችን ከጤና መኰንኖችና ከአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ጋር ማሠልጠን ጀመረ።

እነዚህን የጠቀስሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። የቀድሞዎቹ የነርስ ትምህርት ቤቶች የበቀሉት ከሆስፒታል ጓሮ ነው። ተማሪዋ ጠዋት በክፍል የሰማችውን ከሰዓት በኋላ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ትሠራዋለች። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን ስትመሠርት ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የግል ኮሌጆች ሲበዙ ግን ትምህርት ቤቱ ከሆስፒታሉ ተለይቶ ከሱቅ በላይ ወዳለው ፎቅ ወጣ። መለየቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በግል ኮሌጅ ተምረው ዛሬ በየሆስፒታሉ በክብር የሚያገለግሉ ብዙ ነርሶች አሉና። ነገር ግን በፎቁና በአልጋው መካከል ድልድይ መኖሩን ወላጅ መጠየቅ ይኖርበታል።

እንግዲህ ምን ይመርመር? እኔ ከጥፋቴ በኋላ ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን በነጋዴ አነጋገር ባጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛው የፈቃድ ምርመራ ነው። የማስተማር ፈቃድ እንደ አንድ ጥቅል ዕቃ አይደለም፤ ለሙያው፣ ለደረጃውና ለሥፍራው ተለይቶ ይሰጣል። አንድ ኮሌጅ በፋርማሲ ፈቃድ ኖሮት በነርስነት ላይኖረው ይችላል፤ በአንዱ ቅርንጫፉ ኖሮት በሌላው ላይኖረው ይችላል። ጊዜውም ያልቃል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሸፍኖ የተሰቀለውን ማየት አይበቃም። በላዩ የተጻፈውን ሙያ፣ ደረጃ፣ አድራሻና የሚያበቃበትን ቀን በወረቀት ገልብጦ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዶ ማመሳከር ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። በጉምሩክ ስንት ግማሽ ቀን እንቆማለን!

ሁለተኛው የመግቢያ መመዘኛ ነው። ለየደረጃው የሚያስገባው ውጤት በመንግሥት ይወሰናል፤ ከ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መቅረት በኋላም ሥርዓቱ ተለውጧል። አንዳንድ ትምህርት ቤት የልጁ ውጤት ሳይበቃ «ግድ የለም፣ እናስተካክለዋለን» ብሎ ይመዘግባል። ይህን ቃል የሰማ ወላጅ ወዲያውኑ ተነሥቶ መውጣት አለበት። ያለ በቂ ውጤት የገባ ተማሪ ትምህርቱን ቢጨርስም ማስረጃው ሲመረመር ይወድቅበታል፤ ያን ጊዜ የተቀበለው ትምህርት ቤት ምንም አይጐድልበትም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የተግባር ልምምድ ነው። ተማሪዎቹ የሚለማመዱት በየትኛው ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነው? ከዚያ ተቋም ጋር የተፈረመ ስምምነት አለን? ስንት ሳምንት ይቈያሉ? በአንድ ጊዜ ስንት ሆነው ይገባሉ? በአጠገባቸው ቆሞ የሚያሳያቸው መምህር አለን? ሠላሳ ተማሪ በአንድ አልጋ ዙሪያ ቆሞ ከሆነ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ወደ ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት የሚለማመዱበትን ክፍልም መጐብኘት ይገባል። በሰው አምሳል የተሠራው መለማመጃ፣ የደም ግፊት መለኪያው፣ የማዋለጃው አልጋ አቧራ ለብሶ ከሆነ ማንም አይነካውም ማለት ነው። ያልተነካ ዕቃ ምን እንደሚመስል ባለመጋዘን ሁሉ ያውቃል።

አራተኛው የፍሬው ምርመራ ነው። የደረጃ 4 ነርስ ትምህርቷን ስትጨርስ በሕዝብ ዘንድ ሲኦሲ ተብሎ የሚታወቀውን የሙያ ብቃት ምዘና መውሰድ አለባት፤ ካለፈች በኋላም ተመዝግባ የሙያ ፈቃድ ታወጣለች። እንግዲህ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ጥያቄ፣ «ባለፈው ዓመት ስንት አስመረቃችሁ?» የሚለው ሳይሆን፣ «ስንት ለምዘና ተቀመጡ? ስንትስ አለፉ?» የሚለው ነው። የምረቃ ሥነ ሥርዓት አዳራሽ የተከራየ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። መልሱን በቍጥር የማይሰጥ ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው። ከዚህም ጋር ከዚያ የተመረቁ ሁለት ወይም ሦስት ነርሶች የሚሠሩበትን ቦታ ጠይቆ እነርሱን ማነጋገር ይጠቅማል።

አምስተኛው ዋጋው ነው። በወር ይህን ያህል የሚል ማስታወቂያ ሙሉውን ዋጋ አይነግርም። የመመዝገቢያው፣ የልምምዱ፣ የልብሱ፣ የምዘናውና የማስረጃው ወጪ ተደምሮ እስከ መጨረሻው ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አንድም ብር አይከፈል። የሁለት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ እናደርጋለን ሲባልም ነጋዴ ሊጠራጠር ይገባዋል፤ ዕቃው ሳይደርስ ሙሉ ሒሳብ የሚጠይቅ ሻጭ እንዴት እንደሚታይ እናውቃለንና።

ስድስተኛው የመሰላሉ ጥያቄ ነው። በደረጃ 4 የጀመረች ነርስ ሠርታ፣ ልምድ አግኝታ፣ ወደ ዲግሪ የምትሸጋገርበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን መንገዱ የሚከፈተው የመጀመሪያው ማስረጃ እንከን የሌለበት ሲሆን ብቻ ነው። የታችኛው ርብራብ የተሰበረ መሰላል ወደ ላይ አያደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ዲፕሎማ ምን ያደርጋል? ልጄ ዲግሪ ካልያዘች ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። ዲግሪ መልካም ነው፤ ውጤቱ የሚያስገባትና ወላጅዋ አራት ዓመት የሚችልላት ልጅ ወደዚያው ትሂድ። በዚያም መንገድ ፈተና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ የጤና ባለሙያ ደግሞ ከዚያ በላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል። ሁሉም ግን ከአንድ በር አይገባም። አጭሩ ሥልጠና በደንብ ከተሰጠ የሚናቅ አይደለም።

ለዚህ አሜሪካ ምስክር ትሆናለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ አገር የነርስ እጥረት በበረታ ጊዜ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የነበሩት ሚልድሬድ ሞንታግ ነርስን በሁለት ዓመት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ማሠልጠን እንደሚቻል አሳቡን አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1952ም በጥቂት ትምህርት ቤቶች ሙከራው ተጀመረ። ዛሬ በአሶሺየት ዲግሪ የጨረሰችውና አራት ዓመት የተማረችው ለአንድ ዓይነት የሙያ ፈቃድ ፈተና ይቀመጣሉ። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ እየሠሩ፣ በቀን በእነዚህ ኮሌጆች እየተማሩ ነርስ ሆነዋል። በዚያ ያለው ጥንቃቄም ከእኛ የሚለይ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ዕውቅና አለውን? ምሩቃኑ ፈተናውን ያልፋሉን? ብሎ የሚጠይቅ ይተርፋል፤ ማስታወቂያ አይቶ የሚከፍል ዕዳ ይሸከማል።

ከዚህ አገር ነርስነት ተምራ ወደ ውጭ ለመሄድ የምታስብ ልጅም ይህን ትወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ያህል ነርሶች እንዳሉና 5.8 ሚሊዮን ያህል እንደሚጐድሉ አስታውቋል። ገበያው ሰፊ ነው። ነገር ግን የውጭ አሠሪ የሚጠይቀው የትምህርቱን ዝርዝር፣ የልምምዱን ሰዓትና የሙያ ፈቃዱን ከየምንጩ እያረጋገጠ ነው። በሐሰት የተሞላ ሰነድ በጉምሩክ እንደሚያዝ ሁሉ ይህም ይያዛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ቍጥጥር የመንግሥት ሥራ ነው፤ ነጋዴውን ምን አገባው?» የሚለው ነው። እኔም እንዲህ እል ነበር። ነገር ግን በኮልፌ፣ በአየር ጤና፣ በቤተልና በዓለም ባንክ መንገድ ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ እነዚያ ሰሌዳዎች የተሰቀሉት በማን ሕንጻ ላይ ነው? የእኛ ነው። ምሩቃኑን የሚቀጥሩት የግል ክሊኒኮች የማን ናቸው? ብዙዎቹ የእኛው አባሎችና ዘመዶች ናቸው። በአጠና ተራ ምስማር የሚወጋው ተሸካሚ፣ በመጋዘን ደጅ ጆንያ የሚወድቅበት ጫኝና አውራጅ ወደ ማን ይሄዳል? በእኛ ፎቅ ላይ ወደ ተማረችው ነርስ ነው። ተቈጣጣሪ በዓመት አንድ ቀን ይመጣል፤ ባለሕንጻ ግን በየወሩ ለኪራይ ይወጣል።

ስለዚህ ሦስት አሳቦችን ለምክር ቤታችን አቀርባለሁ። መጀመሪያ፣ ሕንጻውን ለትምህርት ቤት የሚያከራይ አባል ሁሉ ለሙያው፣ ለደረጃውና ለዚያው አድራሻ የተሰጠ የማስተማር ፈቃድ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ፣ ፈቃዱ ሲያበቃም ውሉ እንዲቋረጥ የሚል አንቀጽ ያስገባ። ምክር ቤቱ ናሙና ውል አዘጋጅቶ ቢያድል ሥራው ይቀላል። ሁለተኛ፣ በክፍለ ከተማው ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከነሙያቸውና ከነደረጃቸው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ በየስድስት ወሩ እንዲለጠፉ ምክር ቤቱ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ያቅርብ፤ ወላጅ ሁሉ ወረዳውን ያውቃል። ሦስተኛ፣ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ የሕክምና መሣሪያም የሚያስመጡ አባሎች ፈቃዳቸው ከተረጋገጠ ትምህርት ቤቶች ጋር እየተስማሙ የልምምድ ቦታና መሣሪያ ይስጡ፤ አቅም የሌላቸውን ጥቂት ልጆችም ያስተምሩ። የሚያወጡት ገንዘብ ነገ በሚቀጥሯት ነርስ እጅ ተመልሶ ያገኛቸዋል።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደሚባለው፣ በሩ ከታሸገ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ልቅሶ ነው። በእኔ ፎቅ ላይ የነበረው ክፍል ዛሬም ባዶ ነው። ባለፈው ወር ለሌላ ትምህርት ቤት ሊከራዩት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ፈቃዳቸውን ጠየቅኋቸው፤ እናመጣለን ብለው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ኪራዩ ይቅርብኝ። ሚዛን ሠራተኛዬ ጠዋት ጠዋት ጆንያውን ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ያያል፤ ይህን ሥራ ከእርሱ ጋር ስንት ዘመን ስሠራ ኖሬ ለሰው ልጅ ሳላደርገው በመቅረቴ አዝናለሁ። ክቡራን አባሎች ይህን አሳቤን በቅን ልብ ተመልክታችሁ በሚመጣው የአባሎች ስብሰባ እንድትነጋገሩበት በትሕትና አሳስባለሁ።